ለገብርኤል ቀድሞ የተሰጠ ጃንጥላ

አባቴ ሳንቃ በር ላይ ለቱሪስት በቅሎ ይጭን ነበር። ቱሪስቱ ሲጠፋ "በርበሬ ልነግድ" ብሎ ወደ አዲ አርቃይ ወረደ። ያን ሰሞን ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ከተከፈተ ቆየ፤ አባቴ ግን አልመጣም። አየሁት የሚል የለም፤ ቀበርኩት የሚልም የለም።

እናቴ "በሰላም መልስልኝና ወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ" ብላ ለገብርኤል ተስላ ነበር። ስለት የሚገባው ሲደርስ ነው፤ ይህን ደባርቅ ላይ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እሷ ግን አምና ታኅሣሥ፣ ንግሡ ሲቃረብ፣ ጃንጥላውን ከጎንደር አስመጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ቤታችን በራ! እኔ እንደ ሙሽራ ከሥሩ ገብቼ ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ የተገኘ መስሎኝ ነው።

"መጣ እንዴ?"

"አልመጣም።"

"ታዲያ?"

"ቀድሜ እሰጠዋለሁ። ተቀብሎ ዝም ይላል? ይሉኝታ ይይዘዋል።"

መልአክን ይሉኝታ ማስያዝ! እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጃናሞራ በኩል ነው። በዋዜማው ማለዳ ከጎረቤታችን ጋር ተነስተን ስንወርድ ስንወጣ ዋልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

"አንቺ፣ ጃንጥላ ታቅፈሽ በፀሐይ ትቃጠያለሽ?" አለች ጎረቤታችን።

"የመልአኩን ጥላ ልጠለልበት ኖሯል?"

በማግስቱ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ካደረገ በኋላ ስለት ያለው ሁሉ ተሰለፈ። አንድ ዲያቆን ማይክ ይዞ እያንዳንዱን ይጠይቃል፤ መክና የወለደች፣ ታሞ የተነሳ፣ ሁሉም የደረሰለትን ይናገራል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ተራችን ደረሰ።

"እናቴ፣ ምን ደረሰልዎ?"

"ገና ነው።"

ዲያቆኑ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። "ሲደርስ ነው እኮ የሚመጣው።"

"እሱ ይወቅበት። እኔ አምጥቻለሁ።"

ዘወር ብሎ ሰልፉን አየ፤ ጫፉ አይታይም። ጃንጥላውን ተቀበለና፣ "አንዲት እናት ስለቷ ደርሶ ጃንጥላ አስገብታለች፤ እልል በሉ!" አለ።

እልልታው አገሩን አናወጠው። የማናውቃቸው ሴቶች እናቴን አገላብጠው ሳሟት።

"እንኳን ደረሰልሽ! ማን ታሞብሽ ነበር?"

"የልጆቼ አባት ጠፍቶ ነበር።"

"እሰይ! እንኳን ለቤቱ አበቃው!"

"ኧረ አልመጣም" እስክትል ጠበቅሁ። አፏን ሳይ፣ ሳይ፣ "አሜን" አለች። እኔም ምን ልበል፣ "አሜን" አልሁ።

ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ስባ ተቀመጠች። ባዶ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ታጣጥፋለች፣ ትፈታለች።

"ሳላስገባው ብቆይ ኖሮ፣ ገና ነው እያልሁ እጠብቅ ነበር" አለች።

ጎረቤታችን "ተይ እንጂ፣ ይመጣል" አለቻት፤ ድምፅዋ ግን አላመነም።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ስሙን አላነሳችም። ስልኳ ሲጮህ እንኳ እንደ ድሮው አትሮጥም። ዘንድሮ ንግሡ ሲደርስ ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ፣ "እናንተ፣ አትሄዱም እንዴ?" አለች።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

"ምን ይዤ?"