እንደተጻፈው ስጣቸው

ወንድሜ አርቪል ጋዲ ባለፈው መጋቢት በስድሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ሥራው በእንጨት ፋብሪካ የመጋዝ ጥርስ መሞረድ ነበር፤ ስለቱን በዓይኑ አይመረምርም፣ በጥፍሩ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል። እሑድ እሑድ ግን በሊበርቲ ሂል ጸሎት ቤት የዝማሬ ድምፅ ሰጪ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰጥቷል፤ የጉባኤውን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልሳሳትም።

እኛ ስንዘምር ኦርጋን የለም። በአራት ወገን ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ መሪው መሐል ይቆማል፣ ዜማው ከየት እንደሚጀመር ግን ድምፅ ሰጪው ከፊተኛው አግዳሚ ሆኖ በጉሮሮው ያሰማናል። የመዝሙር መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ከፍታ ለዓይን ብቻ ነው። ሙቀቱን፣ ሰዓቱን፣ የሰዉን ድካም አይቶ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይብስ ዝቅ ይላል። አርቪል ይህን ከማንም አልተማረውም።

አላባማና ሌሎች አምስት የደቡብ ግዛቶች ከአሜሪካ ዳግመኛ ለመገንጠል በወሰኑበት ዓመት፣ በሰኔ፣ አዲሱ ባንዲራ በየካውንቲው ፍርድ ቤት ደጅ እንዲሰቀል ታዘዘ። በእኛ ዘንድ ሲሰቀል አራት መቶ ሰው ይዘምራል ተባለ። የበዓሉ ኮሚቴ ደብዳቤ ከዋና ከተማው ከሞንትጎመሪ ሲመጣ ለአርቪል እኔ አነበብኩለት።

«እቴ፣ ደግመሽ አንብቢው።»

«ድምፅ ሰጪ፣ ኮይ ሊድቤተር ነው የሚለው።»

«ፖስታ የሚያድለው ኮይ?»

«ሌላ ኮይ አለን እንዴ?»

«ጥርሱን አይተው ነው፤ ለቴሌቪዥን ያምራል» አለ። «እነሱ አንድ ቀን ድምፅ ሰጡና አገር ቆረሱ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰጥ የጠየቀኝ የለም።»

ስለ መገንጠሉ ሲደሰትም ሲከፋም አላየሁትም። በቴነሲ ድንበር ኬላ ሲቆም ምንም አላለም። የእሱ ነገር ዜማውን ማን ያስጀምር ነበር። ደብዳቤ ከኮይ እጅ ላለመቀበል ብሎ ከተማ ድረስ እየሄደ ከፖስታ ቤት ማምጣት ጀመረ።

ቀኑ ደረሰ። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው፣ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ኮይ ድምፅ የሚለካባትን ትንሽ ፊሽካ ይዞ ወደ ወንድሜ መጣ።

«ጋሽ አርቪል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ፊሽካህን ጠይቃት።»

«እሷማ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታውቀው። በዚህ ሙቀት ምን ያህል ዝቅ ላድርገው?»

አርቪል ሰዉን ዙሪያውን አየ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«እንደተጻፈው ስጣቸው» አለው። «ትልቅ ቀን ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ።»

እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ዜማው ሲነሳ አማረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ወደ ላይ በሚወጣው ቦታ፣ መጀመሪያ ሴቶቹ አቋረጡ፣ ከዚያ ወንዶቹ ተሰነጠቁ። ገመዱን የሚስበው ሰውዬ ዜማውን እየተከተለ ነበርና እሱም ቆመ፤ ባንዲራው ግማሽ ላይ ቀረ። ከኋላ አንዱ «ድመቷን ከዛፉ አውርዷት» አለ፣ ሳቁ ተከተለ። ጎረቤት ካውንቲዎች እስከ ዛሬ «ግማሽ ምሰሶ» ይሉናል። በመዝገቡ ላይ «ድምፅ ሰጪ ኮይ ሊድቤተር፣ እንደተጻፈው» ብዬ ጻፍኩ። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም።

በነሐሴ ጉባኤ አርቪል ወደ ፊተኛው አግዳሚ ተመለሰ። ከወንዙ ማዶ በየዓመቱ እየመጡ አብረውን የሚዘምሩት ጥቁሮች ግን በዚያ ዓመት አልመጡም። ከመዝገቡ አሥራ ዘጠኝ ስም ጎድሏል፤ ምክንያቱ አልተጻፈም፣ የማያውቀው ሰው ግን አልነበረም። ጠዋቱን ሙሉ አርቪል እንደዚያ ቀን አሳምሮ ሰጥቶ አያውቅም። ምሳ ሲደርስ፣ ከዛፎቹ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ፣ ሴቶቹ ሁሉ ኮይን ከበቡት። እትዬ ቬልማ ፕሩዊት ሳህኑን ትሞላለች።

«ብላ ልጄ። በማንም ይደርሳል።»

አርቪል ሳህኑን ይዞ ብቻውን መኪናው ላይ ተደግፏል።

«የዶሮውን ደረት ሰጠችው» አለኝ። «ለእኔ ስንት ዓመት ሙሉ ክንፍ ነው።»

«አዝነውለት ነው አርቪል።»

«ምኑ ያሳዝናል? እሱ ነው እንዴ ያበላሸው? እሱማ ያልኩትን አደረገ።»

ድምፁ ለትልቅ አዳራሽ የተፈጠረ ነው፤ ሁሉም ሰማ።

«ምን አልክ አንተ?» አለች ቬልማ።

«እንደተጻፈው ስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ኮይ ከየት አባቱ ያውቀዋል? አራት መቶ ሰው በአንድ ቃል ዝም ማሰኘት ለእሱ ይቻለዋል?»

ኮይ ሳህኑን በቀስታ አስቀመጠ። «ጋሽ አርቪል፣ እኔ እኮ ከሁሉ እርስዎን መርጬ ነው የጠየቅሁት» አለ።

ከምሳ በኋላ አርቪል ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ድምፅ ሰጠ። የተቀበለው የለም። ዝቅ አድርጎ ደገመው፤ ልክ ነበር። አሁንም ዝም። ከሴቶቹ ወገን ቬልማ በሻካራ ጉሮሮዋ ሌላ ሰጠች፣ ሁሉም በእሷ ተነሳ። አርቪል ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። የከሰዓት በኋላውን ድምፅ ሰጪ «ቬልማ ፕሩዊት» ብዬ መዘገብኩ። ከዚያ ወዲያ የወንድሜ ስም በመዝገቡ የለም።

ቀብሩ ላይ ድምፅ የሰጠው ኮይ ነው። ፊሽካ አልያዘም። ለመጋቢት ብርድና ለሚያለቅስ ሰው ጉሮሮ በሚሆነው ልክ ዝቅ አድርጎ ጀመረው፤ እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አላቋረጠም። አርቪል ቢሰማው ኖሮ በቅናት ያብድ ነበር።