አባ ኮዳ የማይዘምርበት መጽሐፍ

አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አይዘምርም። ሀዋሳ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሐይቁ ዳር፣ አሣ የሚበለትበት ቦታ፣ ረጅም ካፖርት እንደደረበ ጡረተኛ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል። ራሱ መላጣ ነው፤ ሲራመድ የሚቸኩልበት ነገር ያለው አይመስልም። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ሲቆጣም ሲደሰትም የላይና የታች ምንቃሩን ያጋጫል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ባለፈው ሳምንት ሁለት አባ ኮዳዎች በአንድ የአምባዛ ጭንቅላት ሲጣሉ ይህን ድምፅ ሰማሁና የያዝኩትን የአሣ ሾርባ ሳልጠጣ አቀዘቀዝኩት። ጋሽ ኤልያስ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ኤልያስ ታቦር ተራራ ሥር በተከራየነው ግቢ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው፤ እሑድ ቸርች ሲሄዱም ቅዳሜ አትክልት ሲያጠጡም ያው ነው። አንዲት ጥቁር ሳይክል ነበረቻቸው። ጠዋት ጠዋት እኔን ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር። ዝናብ ባደረ ማግስት ከጎማው ሥር የሚነሳው የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከፊቴ ያለው የሸሚዛቸው ሳሙና፣ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳል ሳይረግጡ ስንንሸራተት የሰንሰለቱ ድምፅ ዛሬም ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

እኚህ ሰው ለልጆች መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ያኔ እጃችን የሚገቡት የልጆች መጻሕፍት ጥቂት ነበሩ፤ በነሱም ውስጥ አንበሳ፣ ቀበሮና ጦጣ እንጂ የኛ ሐይቅ፣ የኛ ቆሮሶ፣ የኛ ጉሬዛ አልነበረም። ጋሽ ኤልያስ ይህ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። «የሀዋሳ ልጅ የሰው አገር ጫካ ውስጥ ሲጠፋ ይኖራል፤ አንድ ቀን ሰፈሩ ይግባ እንጂ!» ይሉ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ አባ ኮዳና ስለ አንድ ትንሽ ቆሮሶ አሣ ታሪክ ጀመሩ። ለማሳተሚያው ሳይክላቸውን ለመሸጥ ወስነዋል። ከሷ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበራቸውም። መጽሐፉ ካላማረ ሳይክሏ በከንቱ ሄደች ማለት ነው። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ምክንያቱም ሳይክሏ የእግሬ ያህል ነበረች።

የአሠራር ልማዳቸው እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢውን ልጆች አቮካዶው ዛፍ ሥር ሰብስበው የጻፉትን ያነቡልናል። በቀኝ እጃቸው ቀይ እርሳስ ይይዛሉ። አንድ ልጅ ከተነቃነቀ፣ ካዛጋ ወይም ውሃ ጠማኝ ካለ፣ ከዓይናቸው ሥር ያለው መስመር ላይ ቀይ ጭረት ያደርጋሉ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ልጅ ሲነቃነቅ ታሪኩ ቆሟል ማለት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ግን ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ካወቅን አውቀን እንነቃነቃለን ብለው ይሆናል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ጉንዳን ስንራወጥ ዋልን። ያን ቀን ጋሽ ኤልያስ ወረቀቱን በቀይ አጥለቅልቀው ገቡ። እናቶቻችን ደግሞ በየደጃፋቸው ሆነው አይተውናል፣ እፍረታቸውም ልክ አልነበረውም። ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ ደክሞ እያነበበ ልጅ ይቁነጠነጣል? እማዬ በዚያው ምሽት ጆሮዬን ይዛ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝንብ አፍንጫህ ላይ ብታርፍ እንኳ እንዳትነካት!» አለችኝ። የጓደኛዬ የናቲ እናት ከዚህም አልፋ ኳሱን ቀማችው፤ የሚመለስለት መነቃነቁና አለመነቃነቁ ታይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች እንደ ድንጋይ ተቀመጥን። ጉንዳን እግሬን ሲበላኝ ጥርሴን ነክሼ የቻልኩበት ቀን አለ። ታሪኩ ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከባድ ነበር። አባ ኮዳው ማለዳ ዛፍ ላይ ወጥቶ በለሰለሰ ድምፅ ይዘምራል፤ ከዝማሬው በኋላ ለቆሮሶው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ይመክራል። ምክሩ አያልቅም። እኔ አባ ኮዳው ሲዘምር በሰማሁ ቁጥር ልናገር እነሳሳለሁ፤ ግን ለትልቅ ሰው «ተሳስተዋል» ማለት አልተማርኩም። ጋሽ ኤልያስ አንድ ቀይ ጭረት እንኳ ሳያደርጉ፣ ፊታቸው እያበራ ይነሳሉ። አንድ ቀን እማዬን፣ «እንዴት ያሉ አድማጮች አሉሽ! መጽሐፉ ደርሷል፤ ሰኞ ሳይክሏን የሚገዛው ሰው ይመጣል» አሏት። እማዬም በኩራት ፈገግ አለች።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ቡርቱካን ከገጠር መጣች። ከእኔ ታንሳለች፤ አማርኛዋ ገና ነው፣ የምታወራው ሲዳሙ አፎ ነው። በመምጣቷ ግርግር ስለ ቅዳሜው ሕግ የነገራት ሰው የለም። ከጎኔ ተቀመጠች። ጋሽ ኤልያስ አባ ኮዳውን አዘመሩት፤ ምክሩንም ጀመሩ። ቡርቱካን አፏን ከፍታ አዛጋች። ዛፉን አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትጨነቅ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ተኛች። ከአፍታ በኋላ ታንኮራፋ ጀመር።

ናቲ ሳቁን ሊይዝ ጉንጮቹን ነፋ። እማዬ የምትለቅመውን ምስር ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ኤልያስ፣ ገና መምጣቷ ነው፣ ሥርዓት አላወቀችም። አንቺ! ተነሺ!»

«ተይ፣ አትቀስቅሻት» አሉ ጋሽ ኤልያስ። ቀይ እርሳሱ አየር ላይ ቆሟል። ልጅቷን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የቱ ጋ ነው የተኛችው?»

«ምክሩ ጋ ጋሼ።»

«እናንተስ? እናንተ ለምን አልተኛችሁም?»

እማዬ ነጠላዋን ታስተካክላለች። በመጨረሻ ናቲ፣ «የተኛ ኳስ የለውም ተብለናል ጋሼ» አለ።

«የተነቃነቀም» አልኩ እኔ።

«እንዲያ ነው እንዴ?» ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ያጣ ሰው ይመስሉ ነበር። «እንግዲህ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። ዛሬ ማንም አይገረፍም። ንገሩኝ።»

እማዬ፣ «ኧረ ጋሽ ኤልያስ፣ ልጆች ምን ያውቃሉ፣ ቆንጆ ታሪክ ነው እኮ» ስትል እጃቸውን አነሱ። እኔም ያን ሁሉ ሳምንት ይዤው የቆየሁትን አወጣሁት።

«አባ ኮዳ አይዘምርም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

በቃል ማስረዳት አቃተኝ። ናቲ ግን ብድግ አለ፤ ነጠላ ጫማዎቹን አውልቆ አንዱን በሌላው ላይ ያጋጭ ጀመር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አንገቱን ቀበረ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ በእማዬ ምስር ዙሪያ እየተንጎራደደ ዞረ። ቡርቱካን በጩኸቱ ባነነች። ናቲን አይታ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ጮኸችና ሳቋ አላቆም አለ፤ ከዚያ ተነስታ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ተከተለችው። ሁላችንም ተነሳን። ግቢው አባ ኮዳ ብቻ ሆነ። ጋሽ ኤልያስ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ከጥርሳቸው አንዱ እንደሌለ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ሰኞ የመጣውን ገዢ፣ «ትንሽ ታገሠኝ» ብለው መለሱት። የተከተሉት ቅዳሜዎች እናቶች ቤት ገብተው በር እንዲዘጉ ተለመኑ። እኛም ተነቃነቅን፤ አምላኬ፣ እንዴት ተነቃነቅን! ቀዩ እርሳስ እያጠረ ሄደ። ምክሩ በሙሉ ወጣ። ለሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ስለ ትዕግሥት የሚለውን ገጽ ሲያወጡ ሁለቴ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት እንጂ አልቀደዱትም። አባ ኮዳው ከዚያ ወዲያ አልዘመረም። ድምፅ ስለሌለው የሚያፍር አባ ኮዳ ሆነ፤ ቆሮሶው ከአሣ አጥማጅ መረብ የሚያመልጠውም በዚያው በሚያፍርበት የምንቃር ጩኸት ነው። እዚያ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳያዘን ዝም አልን።

ሳይክሏ ተሸጠች። እኔ አለቀስኩ። መጽሐፉ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ታተመ፤ ቀጭን፣ በሽቦ የተሰፋ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ከመስመሩ ትንሽ የወጣ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት በእግራችን መሄድ ጀመርን። ጋሽ ኤልያስ በዘምቢል መጽሐፍ ይዘው በየሱቁ ያስቀምጣሉ፤ ባለሱቆቹ ከብስኩትና ከእስክሪብቶ መካከል ይሰቅሉታል። ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰቅሎ ፀሐይ ያነጣዋል።

አንድ ቀን እማዬ መናኸሪያ ልካኝ ነበር። የሻሸመኔ መኪና ሊሞላ ረዳቱ ይጮሃል። አንድ የማላውቀው ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ያነባል። እናቱ ከመኪናው መስኮት ጠራችው። አልሰማም። ደግማ ጠራችው፤ ረዳቱም ጠራው፤ አልሰማም። በመጨረሻ ወርዳ ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ ሲወጣም ዓይኑ ከገጹ አልተነሳም።

እስከ ቤት ድረስ ሮጥኩ። ጋሽ ኤልያስ አትክልት እያጠጡ ነበር። እያለከለክሁ ነገርኳቸው። ውሃው ጫማቸው ላይ ሲፈስ አላወቁም።

«የትኛው ገጽ ላይ ነበር?» አሉኝ።

አላየሁም። አለማየቴን ስነግራቸው፣ «ምነው ብታይልኝ!» አሉ፤ እንደ ልጅ።

ጋሽ ኤልያስ ካረፉ ቆይቷል። ግቢው ፎቅ ሆኗል፤ ናቲም ቡርቱካንም ራሳቸው ወላጆች ናቸው። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየጻፍኩ እየቀደድኩ፣ የልጆች ታሪክ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ያኔ ልጅ ዝም እንዲል ጆሮ መቆንጠጥና ኳስ መቀማት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ እጁ ላይ ከተደረገለት ማንም ሳይቆጣው አይነቃነቅም፤ እኔም የቱን መስመር እንደምሰርዝ የሚያሳየኝ አጣሁ። ታሪኬን በቴሌግራም እልካለሁ፤ የአውራ ጣት ምልክት ይመጣልኛል። አልፎ አልፎ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው፣ «ልጄ ያንተን ታሪክ እንዴት ወደደው መሰለህ!» ይለኛል። «የቱ ጋ?» ልለው አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ ይሉኝታ ይይዘኝና፣ አመሰግናለሁ ብዬ አልፋለሁ።