ዮናስ ሳይወጣ የከረመበት ክረምት

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ራቤል አቅራቢያ ባለችው መንደራችን፣ አንድ ክረምት እናቴ ምጥ ጠንቶባት አባቴና የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን መላኳን ሰማን፤ ከዚያ ገደሉ ተንዶ መንገዱን ዘጋው፣ ወንዙም ሞላ፤ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ቤት የቀረው ስልክ ባትሪው ሞተ። ፀሐይ ስላልወጣች ሶላሩም አልሞላ ብሎ፣ ተረስቶ የነበረው ኩራዝ ከቆጥ ወረደ።

የቀረሁት ከአባቴ አክስት ከእማሆይ ጋር ነበር። በጎቹም ዝናቡንና ብርዱን አልችል ብለው ከእኛው ጋር ቤት ታጉረዋል። ኩበቱ ረጥቦ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። በሩን ስከፍተው ጉም፣ ስዘጋው ጭስ፤ ያኔ ግድግዳው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

ሲመሽ እማሆይ ፍሙን እየቆሰቆሱ የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። መርከቡን፣ ማዕበሉን፣ የመርከበኞቹን ጩኸት እያጣፈጡ ቆይተው፣ ዮናስ ተውጦ ከዓሣው ሆድ ሲገባ ድንገት አቆሙ። «ለዛሬ ይበቃናል» አሉ። በማግስቱም አላወጡትም። ጨለማውን፣ በራሱ ላይ የተጠመጠመበትን የባሕር ሣር፣ ሲጣራ ድምፁ ተመልሶ ለራሱ ብቻ እንደሚሰማው ነገሩኝ፤ በሌላውም ምሽት ዮናስ እዚያው ነበር። በመጨረሻ ማልቀስ ጀመርኩ።

«እማሆይ፣ ለምን አያወጡትም?»

«እኛስ ወጣን እንዴ ልጄ? ትንሽ አብረነው እንቆይ።»

«እንደሚወጣ ግን ያውቅ ነበር?»

መቆስቆሻውን አስቀምጠው አዩኝ። «አያውቅም። ከዚያ ሆኖም የሚሰማው እንዳለ ነው ያመነው።»

ከዚያ መቁጠሪያቸውን ይዘው ለእናቴ ሊጸልዩ ተነሡ፤ እኔም ቀሚሳቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

አንድ ጧት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እሳት ሊጭሩ መጡ። ልጃቸው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። የፍም መጫሪያ ገሉን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆመው፣ «ወንዙ ወስዶብኝ ቢሆንስ?» ብለው ተንሰቀሰቁ። እማሆይ ከበጎቹ ጋር ጓሮ ነበሩ።

«እትዬ፣ ዮናስም እኮ ገና አልወጣም» አልኳቸው። «ከዓሣው ሆድ ሆኖ እየጸለየ ነው።»

እንባቸውን ሳይጠርጉ አፍጥጠው አዩኝ። «ምን ትላለች ይቺ ልጅ?» አሉና ገብተው ተቀመጡ፤ የሰማሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ቆሎ ቋጥረው ይመጡ ነበር፤ እማሆይ ሲጸልዩ የልጃቸውን ስም ከእናቴ ስም ቀጥሎ ይጠሩላቸዋል።

ዝናቡ ጋብ ያለ ዕለት ከዳገቱ ላይ የሰው ድምፅ ሰማን። ናዳውን በእግራቸው ተሻግረው የመጡት አባቴና ጎረምሶቹ ነበሩ። እትዬ አስካለ ሮጠው ልጃቸውን አቀፉና እልል ማለት ጀመሩ። አባቴ እኔን ሳብ አድርጎ፣ «እናትሽ ተርፋለች» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሕፃኑን ግን እግዚአብሔር ወሰደው» አለ። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ልጃቸውን ለቀቅ አድርገው መጥተው ከአባቴ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ከእኛ ጋር እስኪበቃን አለቀሱ።

ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የታማሚ ቤተሰብ «ትተርፋለች?» ሲለኝ፣ «ምንም አትሆንም» ለማለት አፌ አይፈጥንም። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ሥራ ፋታ ከሰጠኝም አግዳሚው ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እከተላለሁ።