በያጁን ልጄን ከበረሃ መንገድ ያስቀረልኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ! ዛሬ ዝም ብዬ ብቀመጥ ወንበሩም አይችለኝ፤ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልናገር። ወሬ እንደምወድ ታውቃላችሁ፤ አሳጥራለሁ ብዬ አልዋሽም።

አርብ ገበያ ምስርና ሽንብራ እየቸረቸርኩ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ፊደል የለየሁትም ከልጆቼ ደብተር ነው። ከማመኔ በፊት ፍርሃት ነበር የሚገዛኝ። የእህቴ ልጅ በመተማ ወጥቶ በረሃ ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወድቅ ነበር። ልጄ ሙሉቀን ያን መንገድ የጀመረ ቀን እኔም አለቀልኝ እል ነበር።

ሙሉቀን በያጅ ነው። ውጭ አገር ያለ፣ የእስቴ ተወላጅ የሆነ ጓደኛው የሥራውን ቪዲዮ ለአሠሪው አሳየለትና «ይምጣ» ተባለ። ቪዛው ግን ለባለሙያ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሥራው ሙያ የሚጠይቅ መሆኑ፣ ልጁም ሙያው ያለው መሆኑ በማስረጃ መታየት አለበት። እኛ ምን አደረግን? እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ሰበሰብን! እነሱም እንዲህ ብለው አጻፉልን፦ «ሙሉቀን የጨዋ ልጅ ነው። ዘሩ የታወቀ ነው። ታላቁን ያከብራል፤ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፤ ሲመርቁት አንገቱን ይደፋል።» ቀበሌው ማኅተም አሳረፈበት። ሲነበብ እልል አልኩ።

ኤምባሲው «ሥራው ሙያ እንደሚጠይቅም፣ አመልካቹ ባለሙያ እንደሆነም አልተረጋገጠም» ብሎ መለሰው። የእስቴው ልጅ ደብዳቤውን በስልክ ብናነብለት በሳቅ ሞተ።

«እትዬ የሺ፣ ይኼ እኮ ሚስት ያሰጣል እንጂ ቪዛ አያሰጥም!»

ሙሉቀን ግን አልሳቀም። «በቃ እማዬ፤ ደላላው ከመተማ ደውሎልኛል። ከፋሲካ በኋላ እወጣለሁ» አለኝ። ጓዙንም ጠቀለለ።

ጎረቤቴ እህት ወርቄ ምስር ልትገዛ መጥታ አየችኝ። «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ከነጠጠሩ ሰፈርሽልኝ እኮ!» አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«በይ እሑድ ነይና አብረን እንጸልይ።»

«እኔ? ጴንጤ ቤት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያለውን ይበል፤ አንቺ ልጅሽን አስቢ።»

መጣሁ። ያን ቀን ከወገዳ የመጡ አንድ አባት ለምስክርነት ቆመው «ጌታ ደግ ነው፤ ጌታ ደግ ነው» እያሉ ደጋገሙ። ፓስተራችን ፈገግ ብሎ፣ «አባቴ፣ ደግነቱንስ እናውቃለን፤ ምን እንዳደረገልዎ ይንገሩን እንጂ!» አላቸው። እሳቸውም ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን አሳዩን። «ሐኪሙ ይቆረጥ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው በእሱ ቆሜ እናገራለሁ!»

ቅዱሳን፣ የዚያን ጊዜ ውስጤ ተናወጠ። ጌታን በስሙ አውቀው ነበር እንጂ ሲሠራ አይቼው አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ቪዛው ቢቀር ይቅር፤ እኔን ተቀበለኝ፣ ልጄን ያዝልኝ» አልኩ። ያ ፍርሃት ከደረቴ ላይ ተነሣ። ሃሌ ሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የፓስተሩ ቃል አልለቀቀኝም። መንገድ ላይ ቆም አልኩ። እኛስ ልጁ ደግ ነው አልን እንጂ ምን እንደ ሠራ መች ተናገርን? ይህን ያሳየኝ እሱ ነው፤ ጌታ ይመስገን!

«ልጄ፣ ጥቂት ታገሠኝ» አልኩት።

«ደሞ ሽማግሌ ልትሰበስቢ ነው?»

«አዎ! አሁን ግን ስለ ዘርህ የሚያወራ አላስጠጋም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ ሳትፈሪ ስትናገሪ ገና ዛሬ አየሁሽ። እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

ባለ ወፍጮው፣ የተሰነጠቀ ዘንጉን ሙሉቀን እንደ በየደለትና እስከ ዛሬ እንደሚፈጭበት ጻፈ። የደብሩን የብረት በር የሠራውም እሱ ነውና ወደ አስተዳዳሪው ወደ አባ ሄድኩ። ከኦርቶዶክስ ወጥቼ እነሱኑ ማስቸገሬ አሳፍሮኝ ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

«ምን ያስፈራሻል ልጄ? አንቺ ብትወጪ በሩ እኮ አልወጣም!» አሉና ሳቁ። በሩ ክረምት ከበጋ ሳይዛነፍ መቆሙን አጻፉልኝ። ጌታ ዕድሜ ይስጣቸው! ሙሉቀንም የሙያ ምዘና ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫውን ያዘ። አሠሪው ደግሞ ምን ዓይነት ቧንቧና ታንከር እንደሚያስበይደው ለይቶ ጻፈ። እንደገና አመለከትን።

አንድ አርብ ገበያው ጢም እንዳለ ሙሉቀን በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ። «እማዬ፣ ተፈቀደልኝ!» የያዝኩትን ጣሳ ወደ ላይ ወረወርኩት፤ ሽንብራው በሰው ራስ ላይ ዘነበ። አንዷ ገበያተኛ፣ «ምነው እትዬ፣ እህሉን ልትዘሪው ነው?» አለችኝ። እኔ እልልታዬን ቀጠልኩ! ጌታ ይባረክ! ዛሬም ይባረክ!

ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጧል። ቁም ልጄ፣ ይዩህ! በሚመጣው ሳምንት በሰላም፣ በአውሮፕላን ይሄዳል። አለቅሳለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ልጇን እንደምትሸኝ እናት ነው እንጂ እንደምትቀብር አይደለም። የእህቴ ልጅ እስካሁን አልተሰማም፤ እሱን አልሸሽጋችሁም። ጸልዩልን።

ልጅሽ ጓዙን የጠቀለለብሽ እናት እዚህ መካከላችን ካለሽ፣ ዛሬ ቤቴ ነይ። መጀመሪያ እንጸልያለን፤ ከዚያ እጁ የሚችለውን አንድ በአንድ እንጽፋለን። ደላላው ደውሎለት ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ። ልጅሽን ለጌታ ስጪው፤ እኔ ሰጥቼው አላፈርኩም።