ሽማግሌ የተላከበት ሞተር

ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አይቻለሁ፤ ለተጣላ ባልና ሚስት ሲላክም አይቻለሁ። ለሞተር ሳይክል ሲላክ ግን ያየሁት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ነው፣ ያውም በገዛ ቤታችን ጋራዥ። የላከችው ልጄ ናት። የተላከባት የልጅ ልጄ ናት። እኔ መሀል ላይ የእጅ ባትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

የልጅ ልጄ እዚሁ አቅራቢያችን ጋሃና በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርት ነው የምትሠራው። ሻንጣ የሚጎትቱትን መኪኖች ሲበላሹ ታድሳለች። እጇ ሁሌ ጥቁር ነው። "አንቺ ልጅ፣ ባል እንኳ ቢመጣ ቀለበቱን የቱ ጣትሽ ላይ እንደሚያጠልቅ ይቸግረዋል፤ ጣትሽ አይታይም እኮ" እላታለሁ። "እማማ፣ ስቶፕ!" ትለኛለች። አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝታ ነበር። ገዝታ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ቱርቦ ካልገጠምኩለት አለች። ቱርቦ ምንድነው ስላት፣ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፣ እሷ ደግሞ አየሩን በግድ ወደ ሞተሩ ሆድ ትከታለች አለችኝ።

"ገባኝ" አልኳት። "ጉርሻ ነዋ።"

ከት ብላ ሳቀች። ጉርሻ ነው እኮ! ሞተሩ በልቶ ጠግቦ ሳለ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያሉ ማጉረስ። የቻለ ይሮጣል፣ ያልቻለ ይታነቃል።

የሷ አልቻለም። ባለፈው ሰመር ለውድድር ተብሎ በታጠረ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስትነዳው ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ተሰብሮ ዘይቱን የኋላ ጎማው ላይ ዘረገፈው። ተንሸራታ ወደቀች፣ ትከሻዋ ተሰበረ። እናቷ ግሮቭፖርት ያለው ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሺፍት ላይ ሳለች ነው ኮል ያደረጉላት። ያንን የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያዋን ሳታወልቅ ሆስፒታል ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ልጄ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል። አልፈርድባትም።

ትከሻው ዳነ፣ ልጅቷ ግን አልዳነችም። ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ መዘርጋትና ስልክ ማየት ሆነ። ቀልዴ አላስቃት አለ። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አንድ ቀን "ያ ብረትሽ ጋራዥ ውስጥ ሞቶ ቀረ" ብላት "ሌት ኢት ጎ" አለችኝ። ይቅር ማለቷ ነው።

"ይቅር፣ እሺ። ግን ምን ገደለው? ሰው ሲሞት እንኳ ምን ነካው ተብሎ ይጠየቃል።"

ወደ ስልኳ ተመለሰች። በማግስቱ ከጋራዡ የብረት ኳኳታ ሰማሁ።

ፈታታ አየችው። ሞተሩ ውስጥ እንደ ተደፋ ጣሳ ያለ ነገር አለ፣ ፒስተን ይሉታል፤ ሲሊንደር በሚባለው ቀዳዳ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ወገቡ ላይ ስስ የብረት ቀለበት ይጠለቅለታል። ቀለበቱ ገጥሞ አይዘጋም፣ ጫፍና ጫፉ መሀል ክፍተት አለው። ብረት ሲግል ይረዝማላ! ክፍተቱ ለዚያ መላወሻ ነው። ቱርቦ ሲጨመር ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ክፍተቱም ሰፋ ማለት አለበት። እሷ በተራ ሞተር ልክ ትታው ኖሮ ጫፎቹ ተገናኙ፣ መሄጃ ሲያጡ ፒስተኑን ሸርፈው ወጡ።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች፣ በአማርኛ።

"እልል በያ! የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር? የራስሽን ታስተካክያለሽ።"

ዊንተሩን ሙሉ ጋራዥ ገባን። ጠንካራ ፒስተን አዘዘች፣ ፒስተኑን የሚሸከሙትንም ዘንጎች ወፈር ያሉ አደረገቻቸው፣ የሞተሩን ክዳን የሚያስሩትን ብሎኖችም ቀየረች። ቀለበቶቹን ግን በእጇ ነበር በሞረድ የምታሳጥረው። ትንሽ ትሞርዳለች፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ትከታለች፣ በስስ የብረት ቅጠል ክፍተቱን ትለካለች፣ ታወጣለች፣ ደግሞ ትሞርዳለች። አንዴ ከበዛ አይመለስም። እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ። ትንሽ ማሞቂያ ነበረችን፣ እግሬን ታሞቃለች እንጂ ወገቤ ጋ አትደርስም።

"እማማ፣ ሼክ እያደረግሽ ነው፤ መብራቱ ይንቀጠቀጣል።"

"መንቀጥቀጥ አይደለም፣ እስክስታ ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ!"

እናቷ ይሄን ሁሉ ታያለች፣ ምንም አትልም። ለካ ዝም ብላ ሽማግሌ እያፈላለገች ኖሯል።

ብርዱ እንደለቀቀ በአንዱ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ መጡ። ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ፣ ቁመቱ የጋራዡን በር የሚነካ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ሁለተኛው ቤት ሻጭ ነው፤ ይሄን ክሊንተንቪል ያለውን አሮጌ ቤታችንን ያገኘልን እሱ ነው። ሦስተኛው ትራክ ነጂ፣ አሜሪካን ከዳር ዳር የሚያካልል፤ ከእንቅልፉ ጎትተው ያመጡት ይመስላል። ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተሰለፉ።

ሽማግሌ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ልጅቷ ግን የሞተሩን ክዳን እያሰረች ነበር። ብሎኖቹ በተራ ነው የሚጠብቁት፣ ልኩ ሲደርስ ጠቅ በሚል ቁልፍ፤ መሀል ላይ ጥሎ መሄድ የለም።

"ዋን ሚኒት" አለች፣ ቀና ሳትል።

"አባቶቼ፣ ደጃችን ድረስ ስለመጣችሁ ከበሬታዬ ብዙ ነው፣ እጄ ግን ቆሻሻ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ ብላለች" አልኳቸው።

"ይሄን ሁሉ አለች?" አለ ቤት ሻጩ።

"እንግሊዝኛ አጭር ነው።"

ወንበር አመጣሁላቸው። ጋሼ እጁን አነሳ። "እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ እትዬ።" ወጉ ነው፣ አውቃለሁ። "ጉልበታችሁን ይባርክላችሁ" አልኩና ወንበሩን አጠገባቸው አድርጌ እኔው ተደላድዬ ተቀመጥኩበት።

ጠቅ። ሌላ ብሎን። ጠቅ። ትራክ ነጂው አንገቱን አሰገገ።

"ቱርቦ ነው እንዴ?"

"የስ" አለች።

"የኔም ትራክ አለው።" አንድ እርምጃ ገባ። "ፋሻውን ምን ያህል ክፍት ተውሽለት?"

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የሀገር ቤት መካኒክ ፋሻ የሚለውን ቀለበት እሷ ሪንግ ነው የምትለው። እኔ ነገርኳት፣ እሷ ልኩን ነገረችው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ጋቢው ዘይቱን ሊነካ ሲል ሰበሰብኩለት።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ቤት ሻጩ "ልናስቆማት ነው የመጣነው ወይስ ልናግዛት?" አለ።

መጨረሻው ብሎን ጠቅ አለ። ጓንቷን አውልቃ መጣች፣ እጅ ነሳች። ጋሼ ቀጠለ፦ "ልጄ፣ እናትሽ ናት የላከችን። አንዴ ከሞት ተርፈሻል። ይሄን ነገር ሽጪው። እሺ በይንና እንቀመጥ።"

ልጅቷ ቃል በቃል እየፈለገች መለሰች። "እሺ ማለት እችላለሁ። ግን ውሸት ይሆናል። አልሸጠውም። ለእናንተ ውሸት መናገር አልፈልግም።"

ጋሼ ጋቢውን አስተካከለ። እምቢ የሚል ብዙ አይቷል፤ እሺ ብሎ የሚዋሽም ብዙ አይቷል። እንዲህ ያለ አልገጠመውም።

ያኔ የኩሽናው መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። "ነይ ውጪ!" ብዬ ጮህኩ። "ሽማግሌ ልኮ በመስኮት ማጮለቅ የት ነው የተማርሽው? እኔ አላስተማርኩሽም!"

ልጄ ወጣች። አይኗ ቀልቷል። "እማዬ፣ አንቺ ባትናገሪ ይሻላል። ባትሪ የምትይዢላት አንቺ ነሽ።"

"ባልይዝላት በጨለማ ትሠራው ነበር። የቱ ይሻልሻል?"

ወደ ልጇ ዞረች። "ደግሞ ቢሰበርስ? ደግሞ መንገድ ላይ ተኝተሽ ባገኝሽስ?"

"አይሰበርም፣ ማሚ።"

"በምን አውቃለሁ?"

ለዚህ መልስ ያመጣው ትራክ ነጂው ነው። ሞተር ሳይክሉን አስረው፣ የኋላ ጎማውን ትልቅ የብረት ከበሮ ላይ አስቀምጠው የሚፈትኑበት ሾፕ አለ አለ። ጎማው ይዞራል፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ የትም ግን አይሄድም። "የሚሰበር ከሆነ እዚያ ይሰበር። ማንም አይወድቅም።"

ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩና ፈረዱ። ፈተናው እናት ባለችበት ይሁን። ሞተሩ ከተሰበረ ያለ አንድ ቃል ይሸጣል። ከያዘ እናት ተቃውሞዋን ታነሳለች፤ ልጅቷም በታጠረው መንገድ ብቻ እንጂ ሀይዌይ ላይ አትነዳውም። ሁለቱም እሺ አሉ። ትራክ ነጂው ወደ ወንበሩ ሲያመራ ጋሼ በጋቢው ጫፍ ያዘው። "ወዴት? ነገሩ መቼ አለቀ? ሲያልቅ እንቀመጣለን።" እንደቆሙ መጥተው እንደቆሙ ሄዱ።

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ልጅቷ ያንን ሁሉ ያሰረችውን ብሎን እየፈታች አገኘኋት።

"አበድሽ እንዴ?"

"አንድ ሪንግ አለ። የለካሁት ደክሞኝ ነበር። ልክ ይመስለኛል፣ ግን ሹር አይደለሁም።"

"ማን ያየዋል?" አልኳት፣ ልፈትናት ብዬ። ወገቤም አሞኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

"ሞተሩ" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፦ "ሽማግሌ ፊት አይሰበርም ብያለሁ፣ እማማ። የማላውቀውን ነው ያልኩት።"

አንዴ የተነሳ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ማዘዝ ሊኖርብን ነው። ባትሪዬን አነሳሁ።

ሁሉንም አውጥታ አንድ ባንድ ለካች። ልክ። ልክ። ስስዋ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ሰተት ትላለች። መጨረሻ የደረሰችበት ላይ ግን ብረቷ አልገባም አለች። ልጅቷ እንደገና ሞከረች። አልገባም። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። እዚያ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። ሞረዱን አቀበልኳት።

የፈተናው ቀን ሁላችን ሾፑ ውስጥ ተኮለኮልን። ልጄ ከሺፍቷ በቀጥታ መጣች፣ ያንኑ ሰደርያ እንደለበሰች። የሾፑ ሰውዬ ለሁላችን የጆሮ መሸፈኛ አደለን፤ እኔ በነጠላዬ ላይ ደፋሁት። ሽማግሌዎቹን ወንበር ጋበዛቸው፣ ሦስቱም እጃቸውን አነሱ። ሰውዬው ግራ ገባው። ሞተር ሳይክሉን በአራት በኩል ሲያስሩት በግ ይመስል ነበር።

ልጅቷ ራሷ ወጣችበት። መጀመሪያ ትንሽ ጉርሻ ነው፤ ሞተሩ አገሳ፣ የወለሉ ንዝረት በጫማዬ ገብቶ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። ያዘ። ሁለተኛው ተለቅ ያለ ነው፣ ያንንም ያዘ። ልጄ ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳዋለች። ሦስተኛው ሙሉው ነው። ድምፁ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ማፏጨት ጀመረ፣ ከዚያ ቧ!

ሞተሩ ጠፋ። "አለቀ" አለች ልጄ። ደስ ብሏት እንዳይመስላችሁ።

ልጅቷ ወርዳ ተንበረከከች፣ ከሥር እጇን ሰደደች። የጎማ ቱቦ ይዛ ወጣች። አየሩን ከቱርቦው የሚያመጣው ቱቦ ከማሰሪያው ተነቅሎ ነው የጮኸው። ሞተሩ ደህና ነው።

ቤት ሻጩ "ያው ተሰበረ ማለት ነው" አለ። ትራክ ነጂው ተቆጣ፦ "ቱቦ ሞተር ነው እንዴ? ነጠላህ ቢወልቅ አንተ ሞትክ ማለት ነው?" ጋሼ በሁለቱ መሀል እንደ አጥር ቆመ። ሊፈርዱ ጥግ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ልጅቷ ቱቦውን እንደያዘች አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። አልለመነችም።

ልጄ ክንዴን ለቀቀችው። ወደ ሞተር ሳይክሉ ሄዳ ቱቦው የተነቀለበትን ቦታ አየች፣ ከዚያ የልጇን ፊት አየች።

"እሰሪውና ድገሚው" አለች።

"ማሚ?"

"ድገሚው አልኩ። ደህና አድርገሽ እሰሪው።"

ሽማግሌዎቹ ባሉበት ደረቁ። ልጅቷ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው፣ ወጣችበት። እንደገና ከፍ አለ፣ ማፏጨቱ መጣ፣ ያ የጮኸበትም ቦታ ደረሰ፣ አለፈው። እላይ ድረስ ሄደ። እዚያው ቆየ። ሰውዬው አውራ ጣቱን እስኪያነሳ ድረስ ትንፋሽ የወሰደ ሰው አልነበረም፣ ከሞተሩ በስተቀር።

ሲጠፋ ልጄ እጇን ደረቷ ላይ አገኘችው፤ አየችውና አወረደችው። ሄዳ ልጇን ከነሞተር ኮፍያዋ አቀፈቻት።

ጋሼ ወደ ሾፑ ሰውዬ ዞሮ በታላቅ ትሕትና "ናው ዊ ሲት" አለው። ሦስቱም ቁጭ አሉ። የትራክ ነጂው ጉልበት ሲንቋቋ በጆሮ መሸፈኛዬ ውስጥ ሰማሁት።

እኔ ደግሞ ቀረብ ብዬ "በይ እንግዲህ፣ ከኋላሽ አስቀምጪኝና እስከዚያ የታጠረ መንገድ ጫፍ ውሰጂኝ" አልኳት።

"እማማ፣ ኖ!"

"ኖ?"

"ኔቨር!"

እስካሁን እንዳለች ነው። እኔም ጋሼን ኮል አድርጌዋለሁ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሦስቱም ይመጣሉ፣ አሁን ደግሞ የላኳቸው እኔ ነኝ። ወንበር አላቀርብላቸውም።