የወይራው ጉንዳንና የዶክተሩ ጾም

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ሁዳዴ ላይ። መርሐቤቴ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «ከአዲስ አበባ ዶክተር መጥቷል፣ አካባቢውን አሳየው» አለኝ። የጉንዳን ዶክተር ነው። አካባቢውን አሳይ ተብዬ ሄጄ ቦርሳ ተሸካሚ ሆኜ ዋልኩ...

የሚፈልጋት ጉንዳን ደረቅ ወይራ ውስጥ የምትኖር፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ስትቆጣ ቂጧን ሽቅብ የምትሰቅል ናት። «ዓለም አያውቃትም፤ ስም የማወጣላት እኔ ነኝ» ይለኛል መኪና ውስጥ፣ የቅቤ ብስኩቱን እየቆረጠመ።

ወይራው ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። አስተዳዳሪውን አባን ማስፈቀድ ነበረብን። ዶክተሩ ከጢሙ ላይ ፍርፋሪ ጠረገና «አባ፣ እኔም እንደ እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ» አላቸው።

አባ ደስ አላቸው። «እንግዲያ የደረቀችዋን ቅርንጫፍ ብቻ፣ ልጄ» አሉት። እኔ በሱ ፈንታ አፈርኩ።

ጉንዳን የሚለቅመው በቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ጉንዳኗ ላይ ደቅኖ ሌላውን በአፉ ይስባል፤ ጉንዳኗ መሃል ያለው ብልቃጥ ውስጥ ትወድቃለች። ወደ አፍ እንዳታልፍ የጨርቅ ማጣሪያ አለው። ሰውዬው ማጣሪያውን አውልቆ ጣለው። «ይሄ ለጀማሪ ነው» አለ።

ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ ንግሥቷ ብቅ አለች፣ ወፈር ያለች፣ አንድ ለእናቷ። ያለሷ ገለጻው ጎዶሎ እንደሚሆን ሲለፈልፍ ነው የዋለው። ጎንበስ አለና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ...

ብልቃጡ ባዶ። ዶክተሩ ጉሮሮውን ይዞ ዓይኑን አፈጠጠ። ዋጣት።

አባ ቀረብ ብለው «ገደፍህ እኮ፣ ልጄ» አሉት፣ ከልባቸው አዝነው።

ሰውዬው ተቆጣ። «እኔ? ምንም አልገደፍኩም አባ። እግሯን፣ ወገቧን፣ አንቴናዋን፣ አንድ ሳላስቀር ገልጫለሁ።»

አባ ዞረው እኔን አዩኝ። በሁዳዴ «ገደፍህ» ሲባል ጾሙ ትዝ የማይለው ጿሚ አጋጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። «ቅርንጫፉን ወደ ቦታው መልሱት» አሉ ቀስ ብለው። «የቀሩት ይኑሩበት።»

በመንገድ ላይ «ለማንም እንዳታወራ» አለኝ። ቦርሳውን መልሼ አስታቀፍኩት፤ ንቄዋለሁ።

በኋላ ጽሑፉ ታትሞ አየሁት። «ንግሥቷ አልተገኘችም» ይላል። ብስኩቱን ጨምሬ ሳስበው... ሰውዬው ሦስቴ ነው የገደፈው።