ያልሻከረው ድምፄ

«ምነው፣ ድምፅሽ እንኳ አልሻከረም?» አለችኝ ዛሬ የሟች እህት፣ ከቀብር እንደተመለስን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሟቹ የዘፈን አስተማሪዬ አያ ታደለ ነው። ዘፋኝ ነሽና ሙሾውን አንቺ አውጪ ተባልኩ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር አወጣሁ።

እኛ ዘንድ ከለቅሶ ድምፁ ሳይዘጋ የተመለሰ ሰው እንዳዘነ አይቆጠርም።

እኔ ግን እሱ እንዳስተማረኝ ነው ያወጣሁት። አራዳ ባለችው ጠባብ ቤቱ በጀርባዬ አስተኝቶ የወፍጮ መጅ ሆዴ ላይ ያስቀምጥና «ስትተነፍሺ ድንጋዩ ከፍ ይበል፤ በጉሮሮሽ አትጩኺ» ይለኝ ነበር። (ዘፋኝ የሆናችሁ ሞክሩት፤ ለጉሮሮ ተልባም ማርም አይደርስበትም።)

ዛሬም አስከሬኑ ፊት ቆሜ እስከ ሆዴ ድረስ ተነፈስኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እኔ የማስበው ቀጥሎ የት ላይ እንደምተነፍስ ብቻ ነበር።

እንባ አልመጣም። ምንም አልመጣም።

እህቱ እንዲያ ስትለኝ ባለቤቱ ናት የደረሰችልኝ፤ «ተያት፣ እሱው ነው እንዲህ ያደረጋት» አለቻት።

ቤት ስገባ እሁድ የምዘፍንበት ሰርግ ባለቤቶች ደወሉ። «ለቅሶ ላይ ዋልሽ አሉ፤ ድምፅሽ ተረፈ?»

«ተርፏል» አልኩ።

ይኸው ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። እናንተስ፣ ሙያችሁ ለራሳችሁ ሰው እንዳታለቅሱ አድርጓችሁ ያውቃል? እንባው በስንተኛው ቀን መጣላችሁ?